ፓኬቱን ገልብጡት

(ይህ ጽሑፍ ግሉተን ለማይስማማቸው ቤተሰቦች በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ እዚህ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምግብ ባለሙያም አይደለሁም። የሲሊያክ በሽታ ያለባት ልጅ እናት ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል የፓስታ መደርደሪያ ፊት ቆሜያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ እዚያ ቆሜ የተማርኩትን ነው፤ ግሉተን የሌለው ፓስታ ሱቅ ውስጥ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚለይ።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለወራት ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ክብደት አልጨምር ብላለች። የደም ማነስም ነበረባት። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ «ከዛሬ ጀምሮ ስንዴ፣ ገብስ እና ራይ የሚባለው እህል ያለበት ነገር አትበላም» አለችን። ልጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ፓስታስ?»

ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። «የጤና ምግቦች» የሚል ምልክት ያለበት መደርደሪያ አገኘሁ። እዚያ ላይ በቡናማ ወረቀት የታሸገ ቆንጆ ፓኬት አየሁ። ፊቱ ላይ በትልቁ «ጥንታዊ እህል» ይላል። ስፔልት ከሚባል እህል የተሠራ ፓስታ ነው። ስንዴ የሚል ቃል ፊቱ ላይ የለም። የተቀመጠውም ከጤና ምግቦች ጋር ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው ብዬ ገዛሁት። ማታ ቀቀልኩላት፣ ጠግባ በላች። ሁለት ቀን ሙሉ ሆዷን ይዛ አለቀሰች።

ስፔልት የስንዴ ዝርያ ነው። ግሉተን አለው። ፓኬቱን ገልብጬ ባየው ኖሮ ጀርባው ላይ ተጽፏል። እኔ ግን አልገለበጥኩትም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህች ቀን የተነሳ ነው።

መጀመሪያ ግሉተን ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስ እና በራይ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ሲስቡት የሚለጠጠው፣ ቶሎ የማይበጠሰው በእሱ ምክንያት ነው። የተለመደው ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ፓስታው ሲቀቀል ስታርች የሚባለው የዱቄቱ ዋና ክፍል ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ግሉተኑ ደግሞ እንደ መረብ ጠፍሮ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ፓስታ በስሎም ቅርጹን የማይለቀው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ድስቱ ስንደርስ ትመለሳለች።

ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የበሽታ መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። አንጀታችን ውስጥ ምግብ የሚመጥጡ፣ እንደ ጣት ያሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነሱ ይጠፋሉ፣ ግድግዳው ልሙጥ ይሆናል። ያኔ ሰው እየበላ ይራባል። ብረቱ፣ ካልሲየሙ፣ ቫይታሚኑ ሁሉ ሳይገባ ያልፋል። በሽታው ከ100 ሰዎች በ1 ሰው ገደማ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ብዙዎቹ ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። ከእነሱ ሌላ የስንዴ አለርጂ ያለባቸው አሉ። ሲሊያክ ሳይኖርባቸው ግሉተን የሚረብሻቸውም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እስካሁን ካልተመረመራችሁ፣ ከምርመራው በፊት ግሉተን አታቁሙ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነታችን ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ግሉተን ለወራት ካልበላችሁ ምላሹ ይጠፋና በሽታው እያለባችሁ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ሱፐርማርኬት።

ስንዴ ጥፋተኛ መሆኑ የታወቀበት መንገድ ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ዊለም ካረል ዲከ የሚባል ኔዘርላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ስንዴን አስቀድሞም ይጠረጥር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ አገሩን ጽኑ ረሃብ መታት። ዳቦ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲከሳ የዲከ ታማሚ ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ በሽታውም ተመለሰባቸው። ዲከ ይህንን አጥንቶ በ1950 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ከዚያ በፊት ስንት እናቶች ልጃቸው ለምን እንደሚከሳ ሳያውቁ ቀብረዋል። እኛ ፓኬት ገልብጠን ማንበብ የምንችል ዕድለኞች ነን።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንሂድ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ግሉተን የሌለው ፓስታ የት ነው የሚቀመጠው?» ነው። መልሱ አራት ቦታ ነው፣ አንዳንዴም አምስት። አንዳንድ ሱቅ ለብቻው «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጥግ አለው። አንዳንዱ ከጤና ምግቦች ጋር ይቀላቅለዋል። አንዳንዱ ከተለመደው ፓስታ ጎን ያስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ተራ ላይ ነው፣ ዓይን ፊት ለፊት አይገኝም። የሩዝ ኑድል ደግሞ የእስያ ምግቦች ካሉበት አለ። ትኩስ ፓስታ የሚሸጥ ሱቅ ከሆነ ማቀዝቀዣውንም እዩ። «እዚህ ሱቅ የለም» ብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሁሉ ዙሩ። እኔ አንድ ሱቅ ውስጥ ለሰባት ወር የለም ብዬ የኖርኩት የሩዝ ፓስታ፣ ከኑድሎቹ ጀርባ ነበር።

ግን መደርደሪያ ምስክር አይሆንም። ሰው ያነሳውን ሌላ ቦታ ይመልሳል። ሠራተኛው በጥድፊያ ያሳስታል። የኔ ስፔልት ያለ ምክንያት እዚያ አልተቀመጠም፣ ለሱቁ «ጤናማ ምግብ» ነው። ስለዚህ ያገኛችሁትን ፓኬት ገልብጡት።

ጀርባው ላይ ምን እናነባለን? እኔ መጀመሪያ የማየው «ከግሉተን ነፃ» የሚለው ቃል መኖሩን ነው። ይህ ቃል ተራ ማስታወቂያ አይደለም። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ፣ የአውሮፓ ኅብረትም የአሜሪካም ሕግ አንድ ልክ ይዘዋል። በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል አይደል? እስቲ በፓስታ እንየው። 100 ግራም የተለመደ ደረቅ የስንዴ ፓስታ ውስጥ 10 ግራም ገደማ ግሉተን አለ። በሚሊግራም 10,000 ማለት ነው። ያው 100 ግራም ከግሉተን ነፃ ፓስታ ግን ቢበዛ 2 ሚሊግራም ነው የሚፈቀድለት። ጥናት እንዳሳየው ደግሞ በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር ያህል ሲወሰድ ሲሊያክ ያለበትን ሰው አንጀት ይጎዳል። 50 ሚሊግራም ስንት ፓስታ ነው? ከአንድ ደረቅ የስፓጌቲ ዘንግ ግማሹን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» ለሚሉን ዘመዶች መልሱ ይኸው።

የእህል ዘለላ በመስመር የተሰረዘበት ምልክት ካያችሁ ደግሞ ጥሩ ነው። የሲሊያክ ማኅበራት ፈቃድ የሚሰጡበት ምልክት ነው። «ጂ» እና «ኤፍ» የሚሉ ፊደሎች በክብ ውስጥ የተጻፉበት ሌላም አለ፣ የእሱ ልክ ይበልጥ ጠባብ ነው፣ በኪሎ 10 ሚሊግራም።

ቀጥሎ የተሠራበትን ነገር ዝርዝር አነባለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስንዴ ብዙ ስም አለው። ዱረም ስንዴ ነው። ሴሞሊና ብዙውን ጊዜ የዱረም ስንዴ ክክ ነው። ስፔልት፣ ካሙት፣ ፋሮ፣ አይንኮርን፣ ኤመር፣ ሁሉም ስንዴ ናቸው። ትሪቲካሌ የስንዴና የራይ ድቅል ነው። ባክዊት የሚባለው ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ስንዴ የሚል ቃል ቢኖርም ስንዴ አይደለም፣ ንጹሕ ከሆነ ይበላል። ስም ያታልላል። ኦርዞ የሚባለውን እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ፓስታ ታውቁታላችሁ? ስሙ በጣልያንኛ ገብስ ማለት ነው፣ ቅርጹ ሩዝ ይመስላል፣ የተለመደው ግን ከስንዴ ነው የሚሠራው።

ሶባ የሚባለው የጃፓን ኑድል ብዙ ሰው ጉድ ሠርቷል። «ከባክዊት ነው የሚሠራው» ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ይቀላቀልበታል። መቶ በመቶ ባክዊት የሆነውን ለይታችሁ ካላገኛችሁ ተዉት። አረንጓዴና ቀይ የአትክልት ፓስታም አለ። ስፒናች እና ቲማቲም ገብቶበት ቀለሙን ለወጠው እንጂ ከሥር ስንዴ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ምስር ያለው» ወይም «ሽምብራ ያለው» የሚል ፓኬት ነው። «ያለው» ማለት «ብቻ» ማለት አይደለም። አንዳንዱ በስንዴ ዱቄት ላይ ምስር የተጨመረበት ነው። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ከሚበዛው ወደሚያንሰው ስለሚጻፍ መጀመሪያ ላይ ስንዴ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

«ኦርጋኒክ»፣ «ሙሉ እህል»፣ «ቪጋን» የሚሉት ቃላት ስለ ግሉተን ምንም አይነግሩንም። «ከስንዴ ነፃ» የሚለውም አይበቃም፣ ገብስ ወይም ራይ ሊኖር ይችላል። ሕጉም ከአገር አገር ይለያል። በአውሮፓ ኅብረት ግሉተን ያለው እህል ሁሉ በዝርዝሩ ላይ ጎልቶ መጻፍ አለበት። በአሜሪካ እንደ አለርጂ የግድ መገለጽ ያለበት ስንዴው ነው፣ ገብስና ራይ አይደሉም። ስለዚህ ከፓስታው ጋር የማጣፈጫ ከረጢት የያዘ ፓኬት ስትገዙ «ብቅል» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ብቅል አብዛኛውን ጊዜ ከገብስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። የምታውቁትን ፓኬትም ገልብጡት። ፋብሪካ አሠራር ይለውጣል፣ ፓኬቱ ግን ያው ይመስላል።

ከሳጥን እየተዘገነ በሚዛን የሚሸጥ ፓስታን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው። አልገዛም። የሩዝ ፓስታው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። መዝገኛው ግን ከአጠገቡ ካለው የስንዴ ሳጥን ገብቶ እንዳልወጣ ማን ያውቃል?

አሁን ደስ ወደሚለው እንምጣ። የቱን እንግዛ?

በእኔ ቤት አንደኛው የበቆሎና የሩዝ ድብልቅ ነው። ቀለሙም አኘካኘኩም ወደ ስንዴ ፓስታ በጣም ይቀርባል። እንግዳ ሲመጣ ሳልነግረው አቅርቤ ሁለት ሳህን የበላ አለ። በቆሎ ብቻ የሆነው ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል፣ ትኩሱን መብላት ነው። የቡናማ ሩዝ ፓስታ ለስለስ ያለ ነው፣ ትንሽ ካለፈበት ግን እርስ በርሱ ይጣበቃል። ለቀጭን መረቅ አይሆንም፣ ወፍራም የቲማቲም ስጎ ይወዳል።

የምስርና የሽምብራው ሌላ ዓለም ነው። የስንዴ ፓስታ ደረቁ በ100 ግራም 12 ወይም 13 ግራም ፕሮቲን አለው። የሽምብራው 20 ገደማ፣ የቀይ ምስሩ 25 ገደማ ይደርሳል። የሩዙ 7 አካባቢ ነው። ልጄ ክብደቷን የመለሰችው በአብዛኛው በምስሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ጣዕሙ ግን የምስር ጣዕም ነው፣ መደበቅ አይቻልም። ልጅ «ይሄ ፓስታ አይደለም» ሊል ይችላል። እኔ መጀመሪያ ሩብ ምስር፣ ሦስት እጅ የሩዝ ፓስታ ለየብቻ ቀቅዬ እቀላቅል ነበር። ቀስ በቀስ ምስሩን ጨመርኩ። በሁለት ወር ለመደች። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ ግን የጥራጥሬ ፓስታ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ በተለይ ሉፒን (ግብጦ) የሚባለው ጥራጥሬ ካለበት።

ኪንዋ ከሚባለው እህል የሚሠራው ፓስታ ውድ ከሆነባችሁ ምንም አልቀረባችሁም። ብዙውን ጊዜ በቆሎ ወይም ሩዝ ላይ ጥቂት ኪንዋ የተጨመረበት ነው።

ሩዝ ብቻ በየቀኑ እንዳታደርጉት። ሩዝ አርሰኒክ የሚባለውን መርዛማ ነገር ከመሬት የመሳብ ጠባይ አለው። ለትንሽ ልጅ እህሉን ማቀያየር ይሻላል። ብዙ ውሃ ውስጥ ቀቅሎ ውሃውን ማፍሰስም ይቀንሰዋል።

ድስቱ ጋ ደረስን። ያ መረብ ትዝ ይላችኋል? እዚህ መረቡ የለም። አምራቾቹ ስታርቹን አስቀድመው በሙቀት አብስለው፣ አቀዝቅዘው፣ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርጉታል። አንዳንዶቹ ዛንታን ሙጫ ወይም ኢ471 የሚባለውን ከስብ የሚሠራ ማዋሃጃ ይጨምራሉ። ዝርዝሩ ላይ ስታዩት አትደንግጡ፣ የመረቡን ሥራ ለመሥራት ነው። ሆኖም እንደ ግሉተን አይጠነክርም። በስሎ ባለቀና ገንፎ በሆነ መካከል አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ያለው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ፣ እንዲያውም በለጥ አድርጌ። ውሃው በኃይል ሲፈላ እጨምረዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ሳላቋርጥ አማስላለሁ፣ የሚጣበቀው ያኔ ነው። ፓኬቱ 10 ደቂቃ ካለ ከ7ኛው ጀምሮ እቀምሳለሁ። መሐሉ ትንሽ ሲቀረው አወጣዋለሁ፣ ስጎው ውስጥ ይጨርሳል። የሽምብራው አረፋ ስለሚያወጣ ከድስቱ አትራቁ፣ ገንፍሎ ምድጃውን ይሞላዋል። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ይደርቃል፣ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። አትጣሉት። የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ብትነክሩት ይመለሳል።

ቤት ውስጥ የስንዴ ፓስታም የሚበላ ሰው ካለ ማጥለያውን ለዩ። እባካችሁ ይህን አትናቁ። የማጥለያ ቀዳዳ ውስጥ የተጣበቀ ፓስታ ታጥቦ አይለቅም። የእንጨት ማማሰያም እንደዚሁ ለየብቻ ይሁን። የብረት ድስት በደንብ ከታጠበ ችግር የለውም። የስንዴ ፓስታ በተቀቀለበት ውሃ ግን በፍጹም አትቀቅሉ። ፓኬቶቹንም ከዱቄት በላይ ባለው መደርደሪያ አስቀምጡ፣ ዱቄት ሲረግፍ ወደ ታች ነውና።

ሱቃችሁ ከሌለውስ? ጠይቁ። «ግሉተን የሌለው ፓስታ አላችሁ?» ብቻ ካላችሁ «የለም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። የባዶ ፓኬቱን ፎቶ ለኃላፊው አሳዩት። በወር ስንት እንደምትገዙ ንገሩት። በሰፈራችሁ ሌላ ቤተሰብ ካለ አብራችሁ ሂዱ። ሱቅ የሚያስመጣው የሚሸጥለትን ነው፣ ሁለት ቤተሰብ አንድ ካርቶን ቶሎ ይጨርሳል። እኔ ሦስት ጊዜ ጠይቄ በአራተኛው አገኘሁ።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄ ነበር። ሁለቱን እዚህ ላስገባ።

አንዲት ወጣት እናት «‹የስንዴ ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል› የሚል ካየሁ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ይህ ማስጠንቀቂያ በብዙ አገር በፈቃደኝነት የሚጻፍ ነው። የጻፈው ፋብሪካ ካልጻፈው የባሰ ላይሆን ይችላል። «ከግሉተን ነፃ» የሚል ማረጋገጫ ያለውን አስቀድሚ። ማረጋገጫ የሌለው፣ ማስጠንቀቂያ ያለው ከሆነ ግን እኔ ለልጄ አልገዛም።

ሌላው ጠያቂ አንድ አባት ነበሩ። «የልጄ ልጅ በየእሑዱ ትመጣለች። እንዳላሳምማት ፈርቼ ምንም አላበላትም። ብስኩቷን ከቤቷ ይዛ ነው የምትመጣው» አሉ። ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። አባቴ፣ አልኳቸው፣ አንድ ማጥለያ እና አንድ ማማሰያ ግዙላትና ስሟን ጻፉበት። ከዚያ አንድ ፓኬት የሩዝና የበቆሎ ፓስታ ግዙ። ስትቀቅሉላት ባዶውን ፓኬት አትጣሉት፣ ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ስንት ዓመቷ ነው ስላቸው ዘጠኝ አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ከሆናትማ ማንበብ ትችላለች። ገልብጣ ራሷ ታንብብልዎት።